የጂኦግራፊ ክበብ ዘገባ፦ ከደቡብ ዋልታ እስከ ዓባይ በረሃ

በ2011 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ክበባችን ከሁሉ በላይ የደከመበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ታመው በተኙበት በ1904 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ዋልታ ከዘለቁት ሁለት ቡድኖች አንዱ በሰላም ሲመለስ ሌላው በመንገድ የቀረው ለምንድን ነው? በእኛ አቆጣጠር ኖርዌያዊው ሮአልድ አሙንድሰን ከአራት ባልደረቦቹ ጋር ታኅሣሥ 4 ቀን፣ እንግሊዛዊው ሮበርት ስኮትም ከአራት ባልደረቦቹ ጋር ጥር 8 ቀን ዋልታው ላይ ደረሱ፤ የስኮት ቡድን አምስቱም ሰዎች በመልሱ ጉዞ አለቁ።

ተማሪዎቹ መጀመሪያ የተከራከሩት አሙንድሰን ስለተጠቀመባቸው ውሾችና ስለስኮት ፈረሶች ነበር። ነገሩ የገባን ግን ስለ ስንቅ ስንነጋገር ነው። ቤት ተከራይተው የሚማሩና በየሳምንቱ መጨረሻ ስንቃቸውን ሊያመጡ ገጠር ድረስ በእግራቸው የሚመላለሱ አባላት ስላሉን፣ ስንቅ የተቀመጠበትን ቦታ መሳት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም። አሙንድሰን ስንቁን በየኬክሮስ ዲግሪው አስቀምጦ፣ በጭጋግ እንዳይስተው ግራና ቀኝ ባንዲራዎች በረድፍ ተከለ። ስኮት ግን 80ኛው ዲግሪ ላይ ሊያኖር ያሰበውን ትልቁን ስንቅ፣ ፈረሶቹ ስለደከሙበት፣ ወደዚያ ለመድረስ ከ50 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርቀት ሲቀረው አራገፈ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሰዎች የሞቱበት ድንኳን ከዚህ ስንቅ የሚርቀው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በታሰበው ቦታ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ እዚያ ከመድረሳቸው በፊት ባገኙት ነበር። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ይህን በካርታ ለክታ ስታሳይ ክፍሉ ዝም አለ።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚነካኝ የድንጋዮቹ ነገር ነው። እነ ስኮት በረሃብና በብርድ እየተዳከሙ 16 ኪሎ ግራም ያህል ድንጋይ እስከ መጨረሻው ጎተቱ፤ አስከሬናቸው ሲገኝም ድንጋዮቹ አብረው ተገኙ። በላያቸው ላይ ዕድሜው ከ250 ሚሊዮን ዓመት የሚበልጥ የግሎሶፕቴሪስ ተክል ቅጠል አሻራ ነበረ። ይኸው ተክል በሕንድ፣ በደቡብ አሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በደቡባዊ አፍሪካ ስለሚገኝ፣ አንታርክቲካ ጥንት ደን የለበሰች፣ የእኛም ምድር ከነበረበት ከጎንድዋና ታላቅ አህጉር ጋር የተያያዘች እንደነበረች ይመሰክራል።

የዘመኑን ምርምር ያየነው በጥቂቱ ነው፤ ከአንታርክቲካ ተቆፍሮ በወጣ በረዶ ውስጥ የታፈነ አየር የ800,000 ዓመት የአየር ንብረት ታሪክ እንደሚያሳይ በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ አልፈነዋል፤ ይበልጥ ጊዜ ሊሰጠው ይገባ ነበር።

በሚያዝያ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርደን ከላይ ጥቁሩን ድንጋይ፣ ዝቅ ብሎም የኖራ ድንጋዩን ንብርብር ተመለከትን። ሁለት የ9ኛ ክፍል ልጆች የባሕር ዛጎል አሻራ ያለበት ድንጋይ አገኙ፤ ዕድሜው ከስኮት ድንጋዮች ያነሰ ቢሆንም፣ በዚያ ሙቀት ዳገቱን ሙሉ ለማንም ሳይሰጡ እየተፈራረቁ ተሸክመው አወጡት። አሁን የተገኘበት ቦታና ቀን ተጽፎበት በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ይገኛል። በኅዳር ይዘነው የወጣነው ቴርሞሜትር መንገድ ላይ ስለተሰበረብን፣ የጮቄ ተራራን ውርጭ የመለካቱ ሥራ ለመጪው ዓመት ተላልፏል።