የባሕር ጀልባ ሞተርን ከጨውና ከኖራ ስለ ማጽዳት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በእስራኤል የወደብ ከተሞች በአሽዶድና በኤላት ትንንሽ ጀልባ የሚያንቀሳቅሱ አንባቢዎችዎ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው፣ የሞተርን የማቀዝቀዣ መስመር በንጹሕ ውኃ ማጠብ ብቻ ይበቃል የሚለው ልማድ በከፊል እንጂ በሙሉ ትክክል አለመሆኑን ነው። ተራው ጨው በውኃ ይሟሟል፤ ስለዚህ ከየጉዞው በኋላ በውኃ መሳቢያው ላይ የሚገጠመውን ጎማ ከቧንቧ ጋር አያይዞ፣ ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጎ፣ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ለ10 ደቂቃ ያህል ማሠራት ያስፈልጋል። ሞተሩ ሲሞቅ ለውኃው መንገድ የሚከፍተው ቴርሞስታት ሳይከፈት ሞተሩ ከጠፋ የሲሊንደሩ ዙሪያ በደንብ ሳይታጠብ ይቀራል፤ ብዙዎች የሚዘነጉትም ይህንኑ ነው።

የባሕር ውኃ ሲግል የሚያስቀረው ኖራ ግን፣ በሻይ ማፍያ ግርጌ እንደሚጋገረው ነጭ ቅርፊት፣ አሲድ ካላገኘው አይለቅም። በውኃ የቀጠነ አቼቶ ለአጭር ጊዜ አዘዋውሮ ወዲያው በብዙ ውኃ ማለቅለቅ ይቻላል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድን ግን አሉሚኒየም ስለሚበላ በበኩሌ አልመክርም፤ አሲድን ከበረኪና ጋር መቀላቀልማ መርዛም ጋዝ ያወጣል።

በሞተሩ ጎን የሚፈናጠረው ውኃ ከቀጠነ በቅድሚያ ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ መጥረግ፣ ካልተሻሻለም የውኃ ፓምፑን የጎማ ክንፍ ፈትቶ ማየት ይገባል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፣ ከአሽዶድ