የትምህርት ቤት በጀት ቅነሳና የስቴቶች ኃላፊነት

በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የበጀት ቅነሳ ላይ በሚደረገው ክርክር ወቀሳው በየአካባቢው የትምህርት ቦርዶች ላይ ብቻ ማረፉ ተገቢ አይደለም። ከትምህርት ቤቶቹ ገቢ የፌዴራል መንግሥት የሚሸፍነው አንድ አሥረኛ ገደማውን ሲሆን፣ ቀሪውን ስቴቶችና የአካባቢ አስተዳደሮች በተቀራራቢ መጠን ይሸፍናሉ። የስቴቱ ምክር ቤት ድጎማውን ሲቀንስ ሸክሙ የአካባቢ አስተዳደሮች ወደሚሰበስቡት የቤትና መሬት ግብር ይዞራል፤ ውድ ቤቶች ያሉበት ሰፈር ጉድለቱን ሲሞላ፣ የድሃው ሰፈር ትምህርት ቤት ግን ነርሷን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛውንና የሙዚቃ መምህሩን ያሰናብታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1973 ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የተረጋገጠ መሠረታዊ መብት አይደለም ብሎ ስለወሰነ፣ ይህን ልዩነት የማጥበብ ግዴታ በዋናነት የስቴቶች ነው።

በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ለትምህርት ቤቶች የተሰጠው የፌዴራል ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2024 እንደሚያበቃ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ያም ሆኖ በርካታ ስቴቶች በእነዚያው ዓመታት የገቢ ግብር መቀነሳቸው በእኔ እምነት ከባድ ስህተት ነው።

ስለዚህ ማንኛውም የግብር ቅነሳ ረቂቅ ለድምፅ ከመቅረቡ በፊት፣ እያንዳንዱ የትምህርት ዲስትሪክት (የአንድ አካባቢ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረው አካል) የሚያጣው ገንዘብና የሚታጠፉት የሥራ መደቦች ተሰልተው ለሕዝብ ይፋ እንዲደረጉ የስቴት ምክር ቤቶች በሕግ ሊደነግጉ ይገባል።