ሠዓሊውን ለጊዜው ተዉት፣ ሚስቱን ፈልጉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ስደተኛ ሠዓሊዎች ሲጻፍ ነገሩ በሥዕል ተጀምሮ በሥዕል ያልቃል። ቤተሰቡ የት ተጠለለ፣ ልጅ የት ተወለደ የሚለው ተዘልሎ ይቀራል። እዚህ ጅማም ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የቤልጅየም ስደተኞች የሚያጠኑ ተማሪዎች ፍለጋቸውን በሠዓሊው ስም ይጀምሩና እዚያው ይቆማሉ። ሸራ ላይ የተጻፈ ዓመት የቤት አድራሻ አይነግርም።

ቤልጅየማዊውን ሠዓሊ ኮንስታንት ፐርሜኬን እንውሰድ። በ1886 አንትወርፕ ተወለደ፤ በ1912 ማሪያ ደላሬን አገባ፤ በ1914 አንትወርፕ ስትከበብ ቆስሎ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ሚስቱ ፎክስተን ላይ አገኘችው፤ ልጃቸው ጆን እዚያው ተወለደ። በኋላ ዴቨን ገጠር ገቡ፤ በ1919 አገራቸው ተመለሱ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የእኛ 1907 የሚጀምረው በመስከረም 1914 ነው፤ ይህን ረስቶ ቅጽ የሚሞላ ሰው ሰባት ስምንት ዓመት ያህል ይስታል።)

የመጀመሪያው ሥራ የ1912ቱን የጋብቻ መዝገብ ማግኘት ነው። ቤልጅየም ውስጥ የጋብቻ መዝገብ ከ75 ዓመት፣ የልደት ከ100፣ የሞት ከ50 ዓመት በኋላ ለማንም ክፍት ነው። ትክክለኛው ቀን ካልታወቀ በየአሥር ዓመቱ የተዘጋጀ የስም ማውጫ አለ፤ የ1911–1920ውን ማየት ነው። ከዚያ የምትፈልጉት አንድ ነገር፣ የሚስትየዋ የራሷ ስም ነው። የቤልጅየም ሴት እንደ እኛ አገር ሴት ስታገባም በመዝገብ ላይ ስሟን አትለውጥም፤ የእንግሊዝ ጸሐፊ ግን በባሏ ስም ይጽፋታል። አንዷ ሴት ሁለት ሆና የምትታየው በዚህ የተነሳ ነው።

ወደ እንግሊዝ የልደት ማውጫ እንሂድ። ከ1911 ሦስተኛ ሩብ ዓመት ጀምሮ የእናት የትውልድ ስም ማውጫው ላይ ይወጣል። «ፐርሜኬ» የሚለውን ጸሐፊው እንደ ሰማው አበላሽቶት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በ«ደላሬ» ፈልጉ። ተነጣጥሎ «ደ ላሬ» ተብሎ ከተጻፈ በ«ላ» ተራ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ሞክሩ። ቦታ ላይ «ፎክስተን» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ምንም አታገኙም። ማውጫው የምዝገባ ወረዳን እንጂ ከተማን አይጽፍም፤ ፎክስተን ያኔ በኤልሃም ወረዳ ሥር ነበረች፤ የማውጫው ጥራዝ ቁጥርም 2ኤ ነው። ሌላም ወጥመድ አለ፦ የተጻፈው ሩብ ዓመት ልጁ የተመዘገበበት እንጂ የተወለደበት አይደለም። ወላጅ ለማስመዝገብ 42 ቀን ስለነበረው የዲሴምበር ልጅ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ሩብ ላይ ሊወጣ ይችላል።

ለንደን፣ ኪው የሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «ኤምኤች 8» በሚለው ተከታታይ የስደተኞች ካርዶች አሉት። ካርዱ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ነው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ዝምድና፣ የሚስት የትውልድ ስም፣ ድጎማ የተላከበት አድራሻ። ወታደር ሆኖ የቆሰለ ባል እዚያ ላይኖር ይችላል፤ እሱ የሚፈለገው በጦር ሠራዊቱ መዝገብ ነው። ባልየው ጠፋ ብሎ ፍለጋውን የሚያቆም ሰው ሚስትና ልጆችንም አብሮ ያጣል።

የመልሱን ጉዞ የሚያሳየው የቤልጅየም ማዘጋጃ ቤት የነዋሪዎች መዝገብ ነው፤ እንደ ቀበሌያችን የቤተሰብ ቅጽ ማለት ነው። መጥቶ የሰፈረውን፣ ለቆ የሄደውን፣ ውጭ የተወለደውን ልጅ ሁሉ ይይዛል። ነገር ግን 120 ዓመት ያልሞላው መዝገብ እንደ ልብ አይገለጥም፤ ለማዘጋጃ ቤቱ በደብዳቤ መጠየቅ ግድ ነው። ፐርሜኬዎች ከስደት ተመልሰው ለገቡባት ለቤልጅየሟ ከተማ ለኦስተንድ ሲጻፍ በደች ይሁን፤ የሥራ ቋንቋቸው እሱ ነውና። የዚያ ዘመን ሰነድ ግን ብዙ ጊዜ በፈረንሳይኛ ስለሆነ፣ አንትወርፕ «አንቬር» ተብላ ብትገኝ ሌላ ከተማ አይምሰላችሁ።

ሁለት የታሪክ መምህራን
ጅማ