የካርቦን ፍላጻ ለምን እንደማንሸጥ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ከብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲደርሰን ቆይቷል፤ «የካርቦን ፍላጻስ ለምን አታቀርቡም?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከካርቦን ክር የሚሠራው ፍላጻ ቀጥ ያለ ነው፤ ዝናብ አያጣምመውም፤ በአንድ ማሸጊያ ውስጥ ያሉት ሁሉ በክብደትም በልክም እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። እኛ የምንሠራው የእንጨት ፍላጻ በዚህ በኩል አይወዳደረውም። ይህን እያወቅን በእንጨት ለመቀጠል የወሰንነው ለምን እንደሆነ በስልክ በጥድፊያ ከመመለስ ይልቅ በጽሑፍ ብናስረዳ ይሻላል ብለን ይህን ደብዳቤ ልከንላችኋል።

ዋናው ምክንያት የእናንተው ቀስት ነው። ከሞላ ጎደል ሁላችሁም የምትተኩሱት በእንጨት ቀስት ነው። በእንጨት ቀስት ላይ ፍላጻው የሚያርፈው በእጀታው ጎን እንጂ በመካከሉ አይደለም። አውታሩ ሲለቀቅ ግን የሚገሰግሰው በቀጥታ ወደ እጀታው መካከል ነው። እንግዲህ ፍላጻው ወደ ዒላማው ለመሄድ እጀታውን መዞር አለበት፤ የሚዞረውም በመለመጥ ነው። አውታሩ ከኋላ ሲገፋው ይጎብጣል፣ እጀታውን ሳይመታ ያልፋል፣ ከዚያም ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተወዛወዘ ጥቂት ሜትሮች ከሄደ በኋላ ይቃናል። ይህ ሁሉ ዓይን ከሚደርስበት በላይ ፈጣን ስለሆነ የሚታየው በፈጣን ካሜራ ተቀርጾ በዝግታ ሲታይ ብቻ ነው። ከቀስቱ ኃይል ጋር ሲነጻጸር ደረቅ የሆነ፣ ማለትም በቀላሉ የማይለመጥ ፍላጻ በቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው ወደ ግራ ይሄድበታል፤ ከልክ በላይ ልል የሆነው ደግሞ ወደ ቀኝ። ብዙ ሰው ስህተቱን በእጁ ላይ ሲፈልግ ይውላል፤ ጥፋቱ ግን የፍላጻው ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን ዘንግ ከመላካችን በፊት እንለካለን። ዘንጉን በ66 ሳንቲ ሜትር ርቀት በቆሙ ሁለት ድጋፎች ላይ አጋድመን መካከሉ ላይ 907 ግራም የሚመዝን ብረት እናንጠለጥላለን። በ16.5 ሚሊ ሜትር ያህል ከጎበጠ ኃይሉ 40 ፓውንድ ለሆነ ቀስት፣ ማለትም ለመሳብ 18 ኪሎ ግራም ለሚጠይቀው ይሆናል። በ13.2 ሚሊ ሜትር ከጎበጠ የ50 ፓውንድ ነው። ልኩ የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ የእንጨት ፍላጻ ሠሪዎች በሌላውም ዓለም የሚሠሩበት ነው። ካርቦንም በተለያየ የመለመጥ ልክ ይመረታል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት እጀታው እስከ መካከሉ ለተቆረጠ ዘመናዊ ቀስት የተዘጋጀውን ነው፤ ለእናንተ ቀስት ይደርቅበታል፣ ይቀልበታልም።

የክብደቱ ነገር ከመለመጡ ያላነሰ ያሳስበናል። ቀስት ስትስቡ ያጠራቀማችሁት ኃይል ሲለቀቅ ወደ አንድ ነገር መሄድ አለበት። ፍላጻው በቂ ክብደት ካለው አብዛኛውን ይዞት ይሄዳል። ፍላጻው ቀላል ሲሆን ግን የተረፈው ኃይል ወደ ቀስቱ ክንዶች ይመለሳል፤ እጃችሁን የሚነዝራችሁ፣ ቀስቱም ጮክ ብሎ የሚጮኸው በዚህ ምክንያት ነው። ያለ ፍላጻ ባዶ አውታር መልቀቅ ቀስት እንደሚሰብር ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በጣም ቀላል ፍላጻ ወደዚያው የሚያቀርብ ነው። ለ40 ፓውንድ የእንጨት ቀስት 26 ግራም ገደማ የሚመዝን ፍላጻ እንመክራለን። የእንጨት ዘንግ፣ የብረት ጫፉና ላባው ተደምረው ያለ ችግር እዚህ ላይ ይደርሳሉ። ፍጥነቱ ከካርቦን ያንሳል፤ በአጭር ርቀት ለሚተኩስ ሰው ግን ይህ የሚጎዳ አይደለም፤ ቀስቱ ለዓመታት እንዲያገለግል የሚከፈል ተገቢ ዋጋ ነው።

ስብራትን በተመለከተ ልጆች ለምታስተምሩ ደንበኞቻችን በተለይ የምንነግራችሁ አለ። ካርቦን ከድንጋይ ጋር ከተጋጨ በኋላ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። በሚቀጥለው ተኩስ ላይ ከአውታሩ ሲነሣ ቢፈነዳ እንደ መርፌ የቀጠኑ ስንጥሮች ቀስት በያዘው እጅ ውስጥ ይገባሉ፤ ማውጣቱም ቀላል አይደለም። እንጨትም ይሰበራል፤ ተሰንጥቆም እጅ ሊወጋ ይችላል። የእንጨት ስንጥቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ይታያል፣ በጥፍር ሲዳሰስም ይያዛል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት ዘንጉን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ በቀስታ ለምጡት፤ ጆሯችሁንም አስጠጉ። ቅንጣት ያህል ድምፅ ካሰማ ወደ ቀስት አይመለስ። ለሁለት ከፍላችሁ ጣሉት፤ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይተኩስበት።

ቀስት የአካባቢያችን የአባቶች መሣሪያ ነበር ብለን አናታልላችሁም። የሰሜን ሸዋ ሰው የሚታወቀው በጦርና በጋሻ ነው፤ የእኛም ሙያ የመጣው ከጦር ሶማያ፣ ከዱላና ከጉግስ ዘንግ ነው። ቀጥ ያለ እንጨት መምረጥ፣ ጥላ ውስጥ ማድረቅ፣ በእሳት ለብልቦ ማቃናት፣ ቅባት ማጠጣት፣ ይህ ሁሉ እዚህ አገር የቆየ እጅ ነው። ፍላጻ የሚጠይቀው ይህንኑ እጅ በቀጭኑ ነው። በሌላው ዓለምም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1545 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ የሰጠመችው ሜሪ ሮዝ የተባለች የጦር መርከብ በ1982 እ.ኤ.አ. ስትወጣ በሺዎች የሚቆጠሩ የእንጨት ፍላጻዎች ከእርሷ ተገኝተዋል። ዛሬም ዓለም አቀፉ የቀስት ፌዴሬሽን በረጅም የእንጨት ቀስት ምድብ ለሚወዳደሩ የሚፈቅደው የእንጨት ፍላጻ ብቻ ነው።

እንጨታችን ከየት እንደሚመጣ የጠየቃችሁም አላችሁ፤ በመጠየቃችሁም ደስ ብሎናል። አብዛኛው የሐበሻ ጽድ ነው። ጽድ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ቀለል ያለ፣ ሲፈለጥ የሚታዘዝ እንጨት ነው፤ እርሳስ የሚሠራበትም ለዚሁ ነው። ከወፍ ዋሻም ሆነ ከሌላ የተፈጥሮ ደን ግን አንዲት ቅርንጫፍ አንወስድም፤ «ከደን የተቆረጠ ነው» ብሎ እንጨት የሚያመጣልንንም እንመልሳለን። የምንገዛው ከፈረሱ አሮጌ ቤቶች የወጡ ቋሚዎችንና ማገሮችን፣ ከተነሡ አጥሮችም የተረፉ ምሰሶዎችን ነው። ምስጥ የማይደፍረው ጽድ በጭስና በንፋስ ለብዙ ዓመት ደርቆ ሲመጣ ከእርሱ የሚወጣው ዘንግ እንደ አዲስ እንጨት አይጣመምም። ባሕር ዛፍ በየደጃችን ሞልቶ ሳለ የማንጠቀመው ሲደርቅ ስለሚጠማዘዝና ስለሚከብድ ነው። ቋሚውን በመጋዝ አንሰነጥቅም፤ በመጥረቢያ እንፈልጠዋለን፤ ፍልጡ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ስለሚሄድ መስመሩ በዘንጉ መሃል አይቆረጥም። ከዚያ በመላጊያ ይላጋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። አሮጌ ሚስማር ያለበትን ክፍል እንተወዋለን። ከአንድ ቋሚ የምናገኘው ጥሩ ዘንግ ከምትገምቱት ያነሰ ነው፤ ትዕዛዛችሁ አንዳንድ ጊዜ የሚዘገየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ላባውም እንዲሁ በምክንያት ነው። የፕላስቲክ ክንፍ እጀታውን ሲነካ ፍላጻውን ይገፈትረዋል፤ ላባ ግን ይተኛና ያልፋል። በአንድ ፍላጻ ላይ የምንለጥፋቸው ሦስቱም ላባዎች ከአንድ ወገን ክንፍ፣ ከግራ ወይም ከቀኝ፣ የተወሰዱ ናቸው፤ ቢቀላቀሉ አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ያሽከረክረዋል። ላባ ቢነቀልባችሁ በኮላ መልሳችሁ መለጠፍ ትችላላችሁ። ከፈለጋችሁ እኛ ዘንድ አምጡት፤ እናድሳለን።

አያያዙን በተመለከተ ዋናው ጠላት እርጥበት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በጣርማበር አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትደርሳላችሁ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከብርድና ከጭጋግ ወደ ቆላ ሙቀት የገባ እንጨት ሊጎብጥ ይችላል። እዚያ እንደደረሳችሁ ፍላጻዎቹን መኪና ውስጥ አትተዉ፤ ከማሸጊያቸው አውጥታችሁ ጥላ ባለበት ጠፍጣፋ ነገር ላይ አጋድሟቸው፤ በማግሥቱ ተኩሱ። የጎበጠውን በከሰል ሙቀት ላይ እያዟዟራችሁ ሞቅ አድርጋችሁ በእጅ ልታቃኑት ትችላላችሁ፤ ነበልባል እንዳይነካው ብቻ ተጠንቀቁ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ የተልባ ዘይት በስሱ ቀብታችሁ እስኪደርቅ አቆዩት።

ስለ ተልባ ዘይት አጥብቀን የምናሳስባችሁ ነገር አለ። ዘይቱ ሲደርቅ ከአየር ጋር ስለሚዋሐድ ሙቀት ያወጣል። የቀባችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ ጥግ ላይ ብትጥሉት ያለ ክብሪት ራሱን ችሎ ሊነድ ይችላል። ጨርቁን ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አስወግዱት።

በመጨረሻም የእንጨት ፍላጻ የማይገባበትን ቦታ እንንገራችሁ። በዊል የሚሠራውን ኮምፓውንድ የተባለውን ዘመናዊ ቀስት የምትጠቀሙ ካላችሁ የእኛን ፍላጻ አትግዙ። የእነዚያ ቀስቶች ግፊት እንጨትን እጃችሁ ላይ ሊሰባብር ይችላል፤ ለእነርሱ አምራቹ ያዘዘውን ካርቦን ወይም አሉሚኒየም ከሌላ ሻጭ ፈልጉ። ለመሸጥ ብለን ዝም አንልም።

ትዕዛዝ ስትልኩልን የቀስታችሁን ኃይል፣ አውታሩን ሙሉ በሙሉ ስትስቡ ከአውታሩ እስከ እጀታው ያለውን ርዝመት፣ በየትኛው እጅ እንደምትስቡም ጻፉልን። ዘንጉን ከተቀበላችሁ በኋላ ራሳችሁ አታሳጥሩት፤ ያጠረ ዘንግ ይደርቃልና ልኩ ይለወጣል። ኃይሉን የማታውቁ ከሆነ ቀስቱን ይዛችሁ ወደ ሥራ ቤታችን ብቅ በሉ፤ ሚዛን ላይ ሰቅለን እንለካላችኋለን፤ ክፍያ የለውም።

ከአክብሮት ጋር፣

የፍላጻ ሥራ ቤቱ ባለሙያዎች
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ