ጤና ሚኒስቴር ፈርሞ የላካቸውን ሐኪሞች «ሳይታወቁ ወጡ» ማለት ስህተት ነው

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

በአሜሪካ የዘንድሮው የሬዚደንሲ፣ ማለትም ሐኪሞች ስፔሻሊስት ለመሆን በሆስፒታል የሚሠለጥኑበት ቦታ፣ ምደባ ይፋ ከሆነ በኋላ ስለ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። አብረውኝ የሚሠሩ የአገሬ ልጆችም አንብበውታል፤ ቤተሰቦቻችንም እየደወሉ ጠይቀውናል። የሐኪሞች ፍልሰት አገርን እየጎዳ ነው በሚለው የዘገባው ክፍል ላይ ክርክር የለኝም፤ በዞን ሆስፒታል በጠቅላላ ሐኪምነት ያገለገለ ሰው ጉዳቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል። የምጽፍላችሁ በሦስተኛው አንቀጽ ስለሰፈረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ዘጋቢያችሁ ማች በሚባለው በዚህ ምደባ ቦታ ያገኙት ሐኪሞች ጤና ሚኒስቴር ሳያውቅና አንዳችም ግዴታ ሳይገቡ ከአገር እንደሚወጡ ጽፏል። ይህ ጄ-1 በተባለው የልውውጥ ጎብኚዎች ቪዛ ለምንሠለጥን ሐኪሞች ሁሉ ፍጹም ሐሰት ነው፤ ሐሰትነቱን ለማወቅም የማንንም አስተያየት መጠየቅ አያስፈልግም፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አለ።

አንድ የውጭ አገር ዜጋ በጄ-1 ቪዛ አሜሪካ ውስጥ ሬዚደንት ወይም ፌሎው (ከሬዚደንሲ በኋላ በጠበበ ዘርፍ የሚሠለጥን ሐኪም) ሆኖ ለመመዝገብ ከአገሩ ጤና ሚኒስቴር የአስፈላጊነት ማረጋገጫ ደብዳቤ ማቅረብ አለበት። እኛ በመካከላችን ስቴትመንት ኦፍ ኒድ እያልን የምንጠራው ይህ ደብዳቤ የሐኪሙን ስምና የሚሠለጥንበትን የሕክምና ዘርፍ ይጠቅሳል፤ አገሪቱ በዚያ ዘርፍ የሠለጠነ ባለሙያ እንደሚያስፈልጋት ያረጋግጣል፤ ሐኪሙም ሥልጠናውን ሲጨርስ ተመልሶ በዚያው ሙያ ለማገልገል በጽሑፍ ቃል መግባቱን ይመሰክራል። የደብዳቤውን ይዘት የደነገገው የአሜሪካ ሕግ ስለሆነ ማንም እንደፈለገ ሊያሳጥረው ወይም ሊያለሳልሰው አይችልም። ደብዳቤው ካልደረሰ የውጭ ምሩቃንን ማስረጃ የሚመረምረውና የቪዛችን ስፖንሰር የሆነው ኢሲኤፍኤምጂ ዲኤስ-2019 የተባለውን ፎርም አይሰጥም፤ ፎርሙ ከሌለ ኤምባሲው ቪዛ አይመታም፤ ቪዛ ከሌለ ደግሞ በማች የተገኘው ቦታ ለባለቤቱ ምንም አይፈይድለትም። እንግዲህ ሚኒስቴሩ ሳያውቅ በጄ-1 የሚመዘገብ ኢትዮጵያዊ ሬዚደንት ከየት ሊመጣ ይችላል?

ደብዳቤው ደግሞ አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚያበቃ አይደለም። እኔ የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲዬን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ጨርሼ በሐምሌ 1 የኩላሊት ሕክምና ፌሎውሺፕ ጀምሬአለሁ። ዘርፉ በመቀየሩ፣ የሚኒስቴሩ ማኅተም ያለበት፣ ኢትዮጵያ የኩላሊት ሐኪም እንደሚያስፈልጋት የሚገልጽ ሌላ ደብዳቤ ማቅረብ ግድ ነበር። ስለዚህ ስሜ፣ የት እንደምሠለጥንና በምን ዘርፍ እንደምሠለጥን በመንግሥት መዝገብ ከአንድ ጊዜ በላይ ሰፍሯል። ዘጋቢያችሁ ከአዲስ አበባ ሳይወጣ አንድ መሥሪያ ቤት ደውሎ ሊያጣራው የሚችለውን ነገር ሳያጣራ፣ እኔንና መሰሎቼን በሌሊት አጥር ዘለው የጠፉ ሰዎች አድርጎ አቅርቦናል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ይህን ደብዳቤ የማይጠየቁ ሐኪሞች እንዳሉ መናገር አለብኝ። በዲቪ ወይም በቤተሰብ በኩል የመኖሪያ ፈቃድ ያገኙ፣ ዜግነት የቀየሩ፣ እንዲሁም ሦስተኛውን የፈቃድ ፈተና አስቀድመው አልፈው ኤች-1ቢ በተባለው የሥራ ቪዛ የሚገቡ ሐኪሞች ደብዳቤ አያስፈልጋቸውም፤ ግዴታም የለባቸውም። እነርሱም ቢሆኑ በሕጋዊ መንገድ የሄዱ ናቸው፤ ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም። ዘገባው ስለእነርሱ ብቻ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር። ዘጋቢያችሁ ግን ሁላችንንም በአንድ ከረጢት ከተተን፤ ቀጥሎም መንግሥት ለሐኪሞች ደብዳቤና ማስረጃ መስጠቱን እንዲያቆም የሚጠይቅ አስተያየት አስከተለ። ይህ ምክር ቢፈጸም ምን እንደሚከተል አስቦበታል? ደብዳቤው ቢቆም የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሐኪም ይሄዳል፤ በኤች-1ቢ የሚገባውም ይሄዳል። የሚቀረው እመለሳለሁ ብሎ የፈረመው ሐኪም ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ጋዜጣችሁ በሩ እንዲዘጋ የጠየቀው ለአገሩ በጽሑፍ ቃል በገባው ሐኪም ላይ ነው። በመጪው ዓመት ለመመዝገብ ከወዲሁ የሚያጠኑ ወጣት ጠቅላላ ሐኪሞች አሉ፤ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ዘገባችሁን አንብቦ እጁን ከፊርማ ቢሰበስብ የብዙ ዓመት ልፋታቸው ከንቱ ይቀራል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ዘገባው የማች ቀንን የነገሩ ሁሉ ፍጻሜ አድርጎ ማቅረቡ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የሚሠራው ይህ የምደባ ሥርዓት አመልካቹና ሆስፒታሉ በየበኩላቸው ያስገቡትን የምርጫ ቅደም ተከተል በኮምፒውተር ያገናኛል፤ ውጤቱም በመጋቢት ሦስተኛ ሳምንት ዓርብ ይነገራል። ውጤቱ ሁለቱንም ወገን የሚያስር ስለሆነ አመልካቹ ቦታውን አልወደድኩትም ብሎ ወደ ሌላ ሊዞር አይችልም። ከዚያች ዓርብ እስከ ሐምሌ 1 ያለው ጊዜ ግን የምዝገባ ጊዜ ነው፤ ጭንቀቱ ያለውም እዚያ ላይ ነው። ውል ይፈረማል፤ ከግዛቱ የሕክምና ቦርድ የሥልጠና ፈቃድ ይጠየቃል፤ የጣት አሻራ ይሰጣል፤ የክትባት ማስረጃና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይቀርባል፤ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ይደረጋል፤ የልብ ድንገተኛ ሕክምና ሰርተፊኬት ይወጣል። አብዛኛው ሆስፒታል የመተዋወቂያ ሥልጠናውን በሰኔ ስለሚጀምር በተግባር ያለው ጊዜ ከዚያም ያጥራል። አሜሪካ ተምሮ ያደገ ሐኪም ይህን በጥቂት ሳምንታት ይጨርሰዋል። እኛ ግን ከዚህ ሁሉ በተጨማሪ ደብዳቤውን፣ ፎርሙንና የኤምባሲውን ቀጠሮ በዚያው ጊዜ ማድረስ አለብን፤ አንዱ ከዘገየ ቦታው ለሌላ ሊሰጥ ይችላል።

እዚያም ለመድረስ የቀደመ መከራ አለ። ኢሲኤፍኤምጂ የሕክምና ዲግሪያችንን እውነተኛነት የሚያረጋግጠው የተማርንበትን ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ጠይቆ ነው። እኔ የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙን አልጠራም፣ የማረጋገጫ ጥያቄው ደርሶት ለወራት ሳይመልስ ቆየ። ከምሠራበት ሆስፒታል እየተፈቀደልኝ ወደ ሬጅስትራር ስመላለስ አንዱ ፋይሉ የለም ይለኛል፤ ሌላው ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው ይለኛል። የወጪ መጋራት ዕዳዬን ከፍዬ ማስረጃ እስካላመጣሁ ድረስ ኦፊሴላዊው ትራንስክሪፕት እንደማይላክ ተነግሮኝ፣ ከፍዬ ደረሰኙን ካስረከብኩ በኋላም ትራንስክሪፕቱ የተላከው የምረቃ ዓመቴ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ስለነበር፣ አቆጣጠሩን የማያውቀው መርማሪ ገና ሕክምና ትምህርት ቤት ሳልገባ የተመረቅሁ አድርጎ ወሰደውና ማብራሪያ ጠየቀ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለማማረር ብቻ አይደለም። ዘገባው በሕዝብ ገንዘብ ተምረው ምንም ሳይከፍሉ ጠፉ የሚል አሳብም ስላለበት ነው። ያገለገልኩበት የገጠር ሆስፒታል አለ፤ የከፈልኩበት ደረሰኝ አለ፤ ማስረጃዬንም ፈርሞና አትሞ የላከው የመንግሥት ተቋም ነው። ይህ ሁሉ የመንግሥት እጅ ያለበት ጉዞ እንዴት ተብሎ በድብቅ የተፈጸመ ይባላል?

ያለ ግዴታ ስለመሄዳችንም ልመለስ። በጄ-1 የሠለጠነ ሐኪም ሥልጠናውን ሲጨርስ ሁለት ዓመት ወደ አገሩ ተመልሶ ካልኖረ በቀር የአሜሪካ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድም ሆነ የኤች-1ቢ ቪዛ ማግኘት አይችልም። የቪዛው ስፖንሰርነት በየዓመቱ ይታደሳል፤ የሥልጠናው ጠቅላላ ጊዜም በመደበኛው ሰባት ዓመት ነው። ሌሎች ሬዚደንቶች በትርፍ ሰዓታቸው ሌላ ቦታ ሠርተው ገቢያቸውን ሲደጉሙ በጄ-1 ላለን ሕጉ ይከለክለናል። እርግጥ ነው፣ ከሁለት ዓመቱ ግዴታ የሚያስቀር መንገድ አለ፤ እያንዳንዱ ግዛት በዓመት ለሠላሳ ሐኪሞች ጥያቄ ሊያቀርብበት በሚችለው ኮንራድ 30 በተባለው ፕሮግራም፣ ሐኪም ባነሰበት የአሜሪካ አካባቢ ሦስት ዓመት ለማገልገል የሚዋዋል ሰው ነፃ ሊደረግ ይችላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህን መንገድ እንደሚከተሉ አልደብቅም። ሁሉም ይመለሳል እያልኩም አይደለም። ነገር ግን ግዴታ ገብቶ በሕግ የተፈቀደ አማራጭ የወሰደ ሰውና ግዴታ ያልገባ ሰው አንድ አይደሉም፤ ጋዜጠኛ ይህን መለየት ካልቻለ አንባቢው ከማን ሊማር ነው?

ዘጋቢያችሁ መጠየቅ የነበረበትን ጥያቄ እኔ ልጠይቅ። ደብዳቤው የሁለት ወገን ቃል ነው። እኔ እመለሳለሁ ብያለሁ፤ አገሬም ትፈልገኛለች ተብሎ ተጽፏል። ታዲያ ኢትዮጵያ የኩላሊት ሐኪም እንደሚያስፈልጋት ከተፈረመበት ቀን አንሥቶ እስከ ዛሬ ድረስ ሥልጠናህ መቼ ያልቃል፣ የት ልትሠራ ትፈልጋለህ፣ ምን ያስፈልግሃል ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። የአብዛኞቹ ባልደረቦቼ ልምድም ከዚህ የተለየ አይደለም። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ሥራ ሲጀምር እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ ይህን ዘርፍ እንድመርጥ ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ እርሱ ነው። ሌላው በጠቅላላ ሐኪምነቴ ያየኋቸው፣ የኩላሊት እጥበት ወጪ ቤታቸውን አሽጦ ከጨረሰ በኋላ ሕክምናውን አቋርጠው ወደ መንደራቸው የተመለሱ ታካሚዎች ናቸው። የተመለሰ የኩላሊት ሐኪም ተቀጥሮ የሚሠራበት የሥራ መደብ፣ የእጥበት ማሽንና ግብዓት፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድርበት ደመወዝ ያስፈልገዋል። ሚኒስቴሩ ለስንት ሐኪም በየትኛው ዘርፍ ደብዳቤ እንደጻፈ ያውቃል፤ እያንዳንዱ መቼ እንደሚጨርስ ማስላት ይችላል። ለእነዚህ ሰዎች ምን ተዘጋጀ? ዘገባ ማለት ይህን ጠይቆ መልሱን ማተም ነበር።

ስለመመለስ በቀላሉ የሚጽፉ ሰዎች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት አዲስ የጄ-1 ቪዛ ቀጠሮ መስጠት በመላው ዓለም አቁሞ እስከ ሰኔ አጋማሽ ድረስ ቆይቷል። አባቴ ያረፈው በእነዚያ ቀናት ነው። ቪዛዬ ጊዜው አልፎበት ስለነበር ከአሜሪካ ብወጣ የምመለስበት ቀጠሮ አልነበረም፤ የፌሎውሺፕ ምዝገባዬም በመካሄድ ላይ ነበር። ለቅሶዬን የተቀመጥኩት እዚሁ ሜሪላንድ ነው፤ እናቴን ያጽናናኋት በስልክ ነው። ከዚያው ዓመት ሐምሌ ወዲህ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው እንዲህ ዓይነት ቪዛ በአብዛኛው ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚያገለግል ሆኗል፤ አገሩን ጠይቆ ለመምጣት የሚወጣ ሁሉ እንደገና ኤምባሲ ደጅ መጥናት አለበት። ዘገባችሁን ያነበቡ የሠፈራችን ሰዎች እናቴን ልጅሽ በድብቅ ነው እንዴ የወጣው ብለው ጠይቀዋታል። አባቱን ሳይቀብር የቀረ ልጅ በዚያ ላይ ኮብላይ ተብሎ በጋዜጣ መጻፉን ለእርሷ እንዴት ላስረዳት?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። በጄ-1 የሚሠለጥኑ ሐኪሞች በጤና ሚኒስቴር ደብዳቤና በጽሑፍ በገቡት ግዴታ እንደሚሄዱ የሚገልጽ ማረሚያ፣ ስህተቱ በወጣበት ገጽና በዚያው ስፋት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ቀጥሎም ሚኒስቴሩን ባለፉት ዓመታት ስንት የአስፈላጊነት ማረጋገጫ ደብዳቤ በየትኞቹ ዘርፎች እንደጻፈ፣ ሥልጠናቸውን የጨረሱትንም ለመቀበል ምን እንዳዘጋጀ ጠይቃችሁ መልሱን እንድታትሙ እጠይቃለሁ። ዘጋቢያችሁ የደብዳቤውን መልክ ማየት ከፈለገ የእኔን ቅጂ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፤

የመጀመሪያ ዓመት የኩላሊት ሕክምና ፌሎው
ሜሪላንድ፣ አሜሪካ