ድንቅነሽ ብያታለሁ

ግንቦት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ውድ ሰላም፣

እንደምን አለሽልኝ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሐዋሳስ ተስማማሽ? ይህ ሦስተኛው ወረቀቴ ነው። ሁለቱን ጀምሬ ቀድጃቸዋለሁ። መደወል ይቀል ነበር። ግን ድምፅሽን ከሰማሁ ማልቀስ እንጂ መናገር አልችልም። ስለዚህ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ የበደልኩሽን ልናገር። እናትሽ እትዬ ድንቅነሽ ሰኔ 2015 ሲያርፉ ለሥራ ድሬዳዋ ነበርኩ። ቀብራቸው አመለጠኝ። በሣልስቱ ማግስት ገባሁና ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ ወደ ሰፈር መጣሁ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ልጆቹ ድንኳኑን ሲያፈርሱ አየሁ። ወንበር ይጭናሉ። አንቺ ጥቁር ለብሰሽ በሩ ላይ ቆመሻል። ያኔ መግባት ነበረብኝ። እግሬ እምቢ አለኝ። «በአርባቸው እመጣለሁ» ብዬ ተመለስኩ። በአርባቸውም አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዝምታ ሁሉ የዚያች ቀን ነው። እናቴ የማታ ፈረቃ ስትገባ እራቴን የበላሁት እናንተ ቤት ነው። ፀጉሬን አበጥረው የሠሩኝ እሳቸው ናቸው። የእሳቸውን ለቅሶ አልደረስኩም። ይቅር በይኝ።

አሁን ደግሞ ዜናው። መጋቢት 22 ሴት ልጅ ወለድኩ። ስንት ዓመት እንደጠበቅኳት ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ስሟን ድንቅነሽ ብያታለሁ።

እዚህ ላይ ቆም እንደምትዪ አውቃለሁ። ሁሉም ቆም ይላል። የልደት ምስክር ወረቀት ላወጣ ስሄድ ጸሐፊዋ «ስም?» አለችኝ፤ ነገርኳት። ብዕሯን አንሥታ «የእናትሽን አይደለም፣ የሕፃኗን ነው» አለችኝ። የባሌ እኅቶችም «የአሮጊት ስም» ብለው ተቆጥተዋል። አልፈርድባቸውም። በየጠዋቱ ክፍል ውስጥ ስም የምጠራው እኔ ነኝ። ሶሊያና፣ ኤልዳና፣ አርሴማ፣ ሃሴት፣ ሊዲያ። መዝገቡን እስከ መጨረሻው ብታወርጂው «ነሽ» ብሎ የሚያልቅ አንድም የለም። እኛ ስንማር ግን ከየአግዳሚው አንዲት ጥሩነሽ ወይም አንዲት ወርቅነሽ አትጠፋም ነበር። ድንቅነሽ ያኔም ብርቅ ነበር። እኔ በዕድሜዬ ሙሉ እናትሽን ብቻ ነው የማውቀው። ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ በ5,000ም በ10,000ም ሜትር ወርቅ ስታመጣ እነዚህ ስሞች ይመለሳሉ ብዬ ነበር። እኔ ክፍል አልተመለሱም።

እርጉዝ ሳለሁ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለዚህ ስም አስብ ነበር። አብዛኛው ስማችን ስለ ሰውየው ያወራል። አበበች፣ ታደለች፣ ተዋበች። ልጅቷ እዚያ ማዶ ቆማ ስለ እሷ እንደሚወራ ነው። ጥሩነሽ፣ ብዙነሽ፣ በላይነሽ፣ ድንቅነሽ ግን ዞረው ፊት ለፊት ያናግሩሻል። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ ማሰሪያ አንቀጻቸው «ነሽ» ነው። ውኃ እንድታቀብል የጠራት ሰው እንኳ ሳያስበው «ድንቅ ነሽ» ይላታል። በቀን ሃያ ጊዜ፣ ዕድሜ ልኳን።

«ድንቅ» ደግሞ ቀላል ቃል አይደለም። ከቆንጆም ከጎበዝም ይለያል። ሰው እጁን አፉ ላይ ጭኖ የሚቀርበት ነገር ነው። ትንቢተ ኢሳይያስ ስለሚወለደው ሕፃን ሲናገር ስሙን «ድንቅ መካር» ይለዋል። ለሕፃን የሚከብድ ቃል አይደለም ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ዘግይቶ ነው የገባኝ። እናትሽን ሁላችንም አንቱ ነበር የምንላቸው። «እትዬ ድንቅነሽ፣ ይቀመጡ» እንላለን። «ይቀመጡ» የአክብሮት ነው። ስማቸው ውስጥ ያለችው «ነሽ» ግን የአንቺታ ናት፤ ማንም ሊቀይራት አይችልም። ስልሳ ዓመት አልፏቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲገቡ ሰው ሁሉ ሲነሣላቸው፣ አባታቸው ግን ስማቸው ውስጥ ሆነው ያቺን ሕፃን አቅፈው ገና «አንቺ» እያሏት ነበር።

ያን ታሪክ ታስታውሺዋለሽ? ቡና እየቆሉ ነው የነገሩን። ከእሳቸው በፊት ሦስት ወንዶች ተወልደው አላደጉም። እሳቸው ደግሞ በሰባት ወር መጡ። «ጭብጦ ነበር የማክለው» አሉን፣ በመዳፋቸው መጠኑን እያሳዩ። ክርስትና እስክትነሣ ትቆያለች ያለ ሰው አልነበረም። ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አባትየው መንገድ ላይ ቆሙ። መጠቅለያውን ገለጥ አድርገው አይዋትና «አንቺስ ድንቅ ነሽ» አሉ። በዚያው ጸና። እትዬ ይህን ተናግረው ቡናውን ማማሰል ቀጠሉ። እኔና አንቺ ግን ዝም ብለን የዚያን መዳፍ ባዶ ቦታ እናይ ነበር።

ሰሉ፣ እኔን ያስጨነቀኝ የዚህ ስም መጥፋት ነው። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም። ልጅ የአባቱን ስም ያስከትላል፣ ቀጥሎ የአያቱን። የወንድ ስም ቢያንስ ሁለት ትውልድ ይከተለዋል። የእናትን ስም ማንም አያስከትለውም። አንቺ በአባትሽ ትጠሪያለሽ፣ ልጆችሽ በባልሽ። ሰፈር ውስጥም እትዬ ለብዙ ሰው «የሰላም እናት» ነበሩ። ስማቸው ሙሉውን ሲነበብ የሰማሁት ቀበሌ መታወቂያ ሲያሳድሱ አጅቤያቸው የሄድኩ ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ የሴት ስም ከባለቤቷ በኋላ የሚቆይበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። ሌላ ሴት ልጅ ላይ እንደ አዲስ መውጣት።

አምስት ኪሎ የሄድንበትን ቀን ልጽፍልሽ እፈልጋለሁ። ስድስተኛ ክፍል ሳለን ትምህርት ቤት ሙዚየሙን አስጎበኘን። አስጎብኚው «ይህች ድንቅነሽ ትባላለች፤ ፈረንጆቹ ሉሲ ይሏታል» ሲል አንቺ ከመሀል «የእማዬ ስም ነው!» ብለሽ ጮኽሽ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አንቺ ግን አላፈርሽም። እኔ ነኝ ላንቺ ያፈርኩት፤ ዛሬ እሱም ይቆጨኛል። እሑድ ዕለት እትዬን ይዘናቸው ተመለስን። መስታወቱ ፊት ጎንበስ አሉ። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው እንደሆነ፣ ዋናው አጥንት ተቆልፎ እንደሚቀመጥ ሰውየው ነገራቸው። አልሰሙትም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አጥንቶቹን አንድ በአንድ አዩአቸውና «የኔ እናት፣ እንዴት ትንሽ ነሽ» አሏት። እንደ ስማቸው፣ ፊት ለፊት።

እውነትም ትንሽ ናት። ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲ ገደማ ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ዶናልድ ጆሃንሰንና ተማሪው ቶም ግሬይ የክንዷን ስባሪ አዩ። እየተለቀመ ሲሄድ ከአፅሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኘ። ዳሌዋና ጉልበቷ ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር መሰከሩ። በዋዜማው ሌሊት አዲስ አበባ ላይ ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት በደርግ ተረሽነው ነበር። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ሳያቸው ሁሌም ይደንቀኛል። ሉሲ ያሏት ካምፑ ውስጥ የቢትልስ ዘፈን በቴፕ ይሰማ ስለነበር ነው። እኛ ግን አንድ ገበሬ አባት ለልጁ ሊያወጣው የሚችል ስም ሰጠናት። እኔ የኛው ይበልጣል እላለሁ። ሉሲ ከዘፈን የመጣ ነው፤ ድንቅነሽ ግን አይቷት ተደንቆ የተናገረ ሰው ቃል ይመስላል።

አሁን ልደውልልሽ ፈልጌ ያልደወልኩበትን ልንገርሽ። ናሳ በጥቅምት 2014 ሉሲ የምትባል መንኮራኩር አምጥቆ ነበር። ይህች መንኮራኩር ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በማርስና በጁፒተር መካከል ባለች በአንዲት ትንሽ አስትሮይድ፣ ፀሐይን በምትዞር ቋጥኝ፣ አጠገብ አለፈች። ወርዷ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስሟን ድንቅነሽ ብለዋታል። ፎቶው ሲመጣ ብቻዋን አልነበረችም። ማንም ያላወቃት ትንሽዬ ጨረቃ ትዞራታለች። ጨረቃዋን ማን አሏት መሰለሽ? ሰላም። በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን በ1993 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ አፅሟ በተገኘው የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ስም ነው።

ይህን ያነበብኩት በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ ነው። ሻዬ ቀዘቀዘ። ድንቅነሽና ሰላም፣ ሰማይ ላይ፣ አንዷ ሌላዋን እየዞረች። እትዬ ካረፉ ገና ስድስት ወር አልሞላም ነበር። ስልኬን አንሥቼ ስምሽን አወጣሁት። ጣቴ ስምሽ ላይ ቆየ። ደወል ተደወለና ወደ ክፍል ገባሁ። ነሐሴ 2017 ደግሞ የሁለቱ አፅም አብሮ ፕራግ ሄዶ ለእይታ ሲቀርብ እንደገና ስልኬን አንሥቼ አስቀመጥኩ። ያኔ ነው፣ ሴት ከወለድኩ ስሟን አውቀዋለሁ ያልኩት።

ሳላስፈቅድሽ የእናትሽን ስም ወሰድኩ። ቅር ካለሽ ንገሪኝ፣ እሰማሻለሁ። እኔ ግን የወሰድኩት አይመስለኝም። ያበደርሽኝ ነው የሚመስለኝ።

ሰማንያዋ ሰኔ 12 ይሞላል፣ የሚካኤል ዕለት። የክርስትና እናቷ አንቺ እንድትሆኚልኝ እለምንሻለሁ። ሌላ ሰው አልጠየቅኩም፣ አልጠይቅምም። ቤታችን ያው ነው፣ ስልኬም ያው ነው። ከፈለግሽ በዋዜማው ነይና እኛ ጋ እደሪ። መጀመሪያ ወደ እትዬ መቃብር አብረን እንሄዳለን፤ ያልደረስኩትን ለቅሶ እዚያ እደርሳለሁ።

አሁን ይህን ስጽፍ ጭኔ ላይ ተኝታለች። ግንባሯን ታኮሳትራለች፣ ትፈታለች። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሰው ሲያናግራት ፈገግ ትላለች። ስትመጪ በሙሉ ስሟ ጥሪያት። እዚህ ቤት ሁሉም «ሚሚ» እያለ አስቸግሮኛል።

የምትናፍቂያት እኅትሽ