የዘገየ ድምፅ

እንደምን አለሽልኝ ጓደኛዬ?

ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ ዛሬ ድንገት ስጽፍልሽ ብትቆጪኝ እውነትሽን ነው። ደወልሽ፣ አላነሳሁም። መልእክት ላክሽ፣ አልመለስኩም። ይቅርታ አድርጊልኝ። አኩርፌሽ አልነበረም። ገጠር እንደገባሁ መጀመሪያ የምጽፈው ጠፋኝ፣ ቀጥሎ መቆየቴ ራሱ አሳፈረኝ፣ ነገ ነገ ስል ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ።

ስለዚህ ቦታ ጸጥታ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። ከተማ እያለሁ ጥሩምባው፣ የጎረቤት ቴሌቪዥኑ፣ የግንባታው ጩኸት ሳይቋረጥ እተኛ ነበር፤ እዚህ ግን ጭር ሲል እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የገዛ ልቤ ሲመታ ይሰማኛል። ሳልጨርስ የተውኳቸው ጉዳዮች፣ ያስቀየምኳቸው ሰዎች (አንቺም አለሽበት) ሁሉም በዚያ ሰዓት ተራ በተራ ይመጣሉ። ጸጥታ ለሚመኝ ሰው ይህን አስቀድሞ የሚነግረው የለም።

ቀስ እያልኩ ለመድኩት። እዚህ እኮ ድምፅ የለም ማለት አይደለም፤ ዶሮው አለ፣ ውሻው አለ፣ ሲዘንብ እንቁራሪቱ አያስተኛም። ግን ሁሉም ድምፅ ባለቤት አለው። የማን እርምጃ እንደሆነ፣ የየትኛው ቤት በር እንደተከፈተ ተኝቼ አውቃለሁ። ከማዶ ሰው እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያው ሲወርድ አየዋለሁ፣ ድምፁ ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰኝ። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ እንደሚጓዝ ትምህርት ቤት ተምረነዋል አይደል? በዓይኔ ያየሁት ግን እዚህ ነው። መብረቅ ሲበርቅም መቁጠር ለምጃለሁ። ለ3 ሴኮንድ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ነጎድጓዱ 9 ስቆጥር ከተሰማ ሦስት ኪሎ ሜትር ይርቃል ማለት ነው።

ደግሞ ቀን የማይሰማኝ ወንዝ ማታ ደጄ ድረስ የመጣ ይመስላል። ሌላው ጫጫታ ስለቀነሰ ብቻ አይደለም። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ መሬቱን የተጠጋው አየርም ከላይኛው ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ያኔ ወደ ላይ ሊያመልጥ የነበረው ድምፅ ሞቅ ካለው አየር ሲደርስ ወደ መሬት ይታጠፋል። ምክንያቱን ካወቅኩ በኋላ እንኳ መገረሜን አልተውኩም።

ማታ ማታ መብራት አጥፍቼ ደጅ እቀመጣለሁ። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ትንሽ ስትታገሺ ከዋክብቱ እየበዙ፣ እየበዙ ይሄዱና ፍኖተ ሐሊብ፣ ያ ነጣ ያለው የከዋክብት ጎዳና፣ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ታዪዋለሽ። በመሀል ስልክ ከከፈትሽ ግን ያ ሁሉ ትዕግሥት ከንቱ ነው፣ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ስልኩን ቤት ውስጥ ትቼው እወጣለሁ። አንዳንዱ ጥሪሽ ያመለጠኝ እንዲህ ነው። መልሼ አለመደወሌ ግን የራሴ ጥፋት ነው፣ ሰበብ የለኝም።

ብቻዬን መሆን እዚህም ቢሆን በቀላሉ አይገኝም። በር ዘግቼ ከዋልኩ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ብሎ የሚያንኳኳ አይጠፋም። በፊት ይህ በጣም ያናድደኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ብቻዬን ስቀመጥ ሰላም የሚሰማኝ ለዚሁ ይመስለኛል፤ ብጠፋ የሚፈልገኝ እንዳለ አውቃለሁ። ከተማ በሰው ተከብቤ እየኖርኩ አንድ ሳምንት ታምሜ ስተኛ ያወቀ ሰው አልነበረም፣ ከአንቺ በቀር። ያኔ ነው ብቸኝነት ምን እንደሆነ የገባኝ። እዚህ ለብቻዬ ስውል እንደዚያ ተሰምቶኝ አያውቅም።

እና ያ ሁሉ ጥሪሽ በር ማንኳኳት እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ሳልከፍትልሽ ቀረሁ። አሁን እያስታወስኩ ሆዴ ይባባል።

እሁድ ማለዳ እደውልልሻለሁ። ካነሳሽልኝ የልብሽን ሁሉ ተናገሪ፣ ሳላቋርጥ እሰማሻለሁ። ከቻልሽ ደግሞ ነይ፣ የፈለግሽውን ያህል ቆዪ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሌሊቶች እንቅልፍ እንደማይወስድሽ ከአሁኑ ልንገርሽ። አብሬሽ እቀመጣለሁ።